ፋታ ያጣው ካቢኔ፦ የየካቲት 1966 የመሪ ለውጥ

(የዝግጅቱ መለያ ሙዚቃ)



የዛሬው ትምህርታዊ ዝግጅታችን ወደ 1966 ዓ.ም. ይመልሰናል። ከዚያ ዓመት የካቲት እስከ መስከረም 1967 መግቢያ ድረስ ሰባት ወር ያህል ነው። በዚያ ጊዜ ውስጥ ሁለት ጠቅላይ ሚኒስትሮች ከሥልጣን ተነሥተዋል፤ በመጨረሻም ንጉሠ ነገሥቱ፣ ጃንሆይ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ፣ ከዙፋናቸው ወርደዋል። ስለ አብዮቱ ብዙ ተጽፏል፣ ብዙም ተብሏል። እኔ ዛሬ የማነሣው ከዚያ ሁሉ ውስጥ አንዱን ጉዳይ ነው። ሕዝቡ በመንግሥት ሥራ መጓተት ተማርሮ ነበር። መሪ ተለወጠለት። ታዲያ የተለወጠው መሪ ነገሩን ለምን ማርገብ አቃተው?

ቀኖቹን ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እነግራችኋለሁ። ተማሪዎች፣ እርስ በርሳቸው ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት እንዲመቻችሁ ጻፏቸው።

ከነገሌ ቦረና እንነሣ። በያኔው ሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት፣ ነገሌ ላይ የሠፈሩት ወታደሮች የሚጠጡት ውኃ አልነበራቸውም፤ የውኃ መሳቢያው ሞተር ተበላሽቷል። መኮንኖቹ የራሳቸው ውኃ አላቸው፣ ተራው ወታደር ግን ከዚያ እንዲቀዳ አልተፈቀደለትም። የሚቀርብለት ምግብም የሚበላ አልነበረም። ወታደሮቹ አቤት አሉ፤ ሰሚ አላገኙም። ጥር 4 ቀን 1966 ዓ.ም. አዛዦቻቸውን አሰሩ። ነገሩን አጣርተው እንዲመለሱ ከአዲስ አበባ የተላኩትን የምድር ጦር አዛዥ ሌተና ጄኔራል ድረሴ ዱባለንም ያዟቸውና እነሱ የሚበሉትን አበሏቸው፤ እነሱ የሚጠጡትን አጠጧቸው።

አድማጮቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ። የጉዳዩ መነሻ አንድ የተበላሸ ሞተር ነው። ዘውድ ይውረድ ያለ ማንም የለም። ስለ ሕገ መንግሥትም የተነሣ ጥያቄ አልነበረም። ወታደሩ የጠየቀው ንጹሕ ውኃና የሚበላ እህል ነው። ከአሥር አለቃው እስከ ጦሩ አዛዥ በተዘረጋው የዕዝ ሰንሰለት ውስጥ ግን ይህን ጥያቄ በጊዜው የቆረጠለት ሰው አልተገኘም። ሰሚ የተገኘው መሣሪያ ሲነሣ ነው።

እንዲህ ያለው ነገር የነገሌ ብቻ አልነበረም። በዚያን ዘመን የነበራችሁ አባቶችና እናቶች ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ። ርስቱ የተወሰደበት ገበሬ፣ ጡረታው የዘገየበት ዘማች፣ ሹመት ጠባቂው ሁሉ በየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ወራትን ይቆጥር ነበር። «ነገ ተመለስ»፣ «መዝገቡ ላይ ቤት ነው»፣ «ለበላይ አካል ቀርቧል» የሚሉት መልሶች ከዚያ ዘመን የተረፉ መሆናቸውን የዛሬ ባለጉዳይም አይስተውም። የበላዩ ወደ በላዩ ይመራዋል፣ ሚኒስትሩ ደግሞ ወደ ቤተ መንግሥት። በመጨረሻ የሚቆርጡት ጃንሆይ ናቸው፤ በ1966 ዓ.ም. ደግሞ ዕድሜያቸው 80 ዓመት አልፏል።

ይህ አሠራር በሕግ የተጻፈ ነበር። በ1948 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ጠቅላይ ሚኒስትሩን የሚሾሙትም የሚሽሩትም ንጉሠ ነገሥቱ እንደሆኑ ደንግጓል። ፓርላማው ሁለት ምክር ቤቶች ነበሩት። የሕግ መምሪያ ምክር ቤት አባላት በሕዝብ ይመረጡ ነበር፤ የሕግ መወሰኛው አባላት ግን በንጉሠ ነገሥቱ ይሾማሉ። በሕግ የተፈቀደ የፖለቲካ ፓርቲ አልነበረም። በ1958 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትሩ ሚኒስትሮቻቸውን መርጠው እንዲያቀርቡ ተፈቀደላቸው፤ የመጨረሻው ቃል ግን ከነበረበት ንቅንቅ አላለም።

ስለዚህ ፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ ጠቅላይ ሚኒስትር ቢሆኑም፣ በሥልጣናቸው ልክ የሚቆርጡት ጉዳይ ጠባብ ነበር። ሰውየው ተራ ሹም አልነበሩም። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማግሥት ጀምሮ በፓሪስ የሰላም ጉባኤና በተባበሩት መንግሥታት መድረክ ስለ አገራቸው የተከራከሩ፣ በውጭ ጉዳይ ሥራ ስማቸው የገነነ ዲፕሎማት ነበሩ። ይህን የምለው ለማሞገስ አይደለም። በመጓተት የሚከሰስ መንግሥት የግድ በሰነፎች የተሞላ ነው ብለን እንዳናስብ ነው። ችሎታ ያለው ሰውም ውሳኔ በማይሰጥበት ወንበር ላይ ከተቀመጠ ፋይል ከማስተላለፍ የተሻለ ሥራ አይሠራም።

የመጓተቱ ትልቁ ማሳያ መሬት ነው። ተማሪዎች «መሬት ላራሹ» ብለው አደባባይ የወጡት በየካቲት 1957 ዓ.ም. ነው። በዓመቱ፣ በ1958 ዓ.ም. የመሬት ጉዳይ ራሱን የቻለ ሚኒስቴር ተቋቋመለት። የጭሰኛውንና የባለመሬቱን ግንኙነት የሚያስተካክል ረቂቅ ሕግም ተዘጋጅቶ ለፓርላማ ቀረበ። ረቂቁ ጭሰኛውን የመሬት ባለቤት የሚያደርግ እንኳ አልነበረም፤ የሚከፍለውን ድርሻ የሚወስንና ያለ በቂ ምክንያት ከመሬቱ እንዳይነቀል የሚጠብቅ መጠነኛ ሕግ ነበር። ፓርላማውን የሞሉት ባለመሬቶች ናቸውና ረቂቁ ሲነሣና ሲወድቅ፣ ሲሻሻልና ሲመለስ ዓመታት አለፉ። ሳይጸድቅም አብዮቱ ደረሰበት።

ረሃቡ ደግሞ ከሁሉ ይከፋል። ወሎ ውስጥ ዝናብ የጠፋውና ሰው መሞት የጀመረው ከ1966 አስቀድሞ ነው። በ1965 ዓ.ም. ረሃብተኛው በሰሜኑ አውራ ጎዳና ዳር ተሰልፎ መኪና እያስቆመ ምግብ ይለምን ነበር። እርዳታ ፍለጋ ወደ አዲስ አበባ ሲጓዙ ፖሊስ የመለሳቸው ገበሬዎችም ነበሩ። የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሷቸውን ፎቶግራፎች አምጥተው ለግቢው ማኅበረሰብ አሳዩ። መንግሥት ግን የአገሪቱ ስም እንዳይጠፋ በሚል ነገሩን ሸፋፈነው። የሟቾችን ቁጥር 40,000 የሚሉ አሉ፤ ግምቱን እስከ 200,000 የሚያደርሱትም አሉ። ትንሹን ቁጥር እንኳ ብንይዝ፣ ከታች ወደ ላይ የሚሄድ ወሬ መንገድ ላይ በመቅረቱ ያለቀ ሰው ነው። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለውን የአባቶች ምክር እወደዋለሁ፤ ለወሎ እናት ግን ማንም ሊነግራት የሚደፍር አይመስለኝም።

(አጭር ሙዚቃ)

አሁን ወደ የካቲት እንግባ። ወሩ እንደገባ ደብረ ዘይት የሠፈሩት የአየር ኃይል አባላት የደመወዝ ጥያቄ አንሥተው አመፁ። የካቲት 11 ቀን መምህራን ሥራ አቆሙ። መምህራኑን ያስቆጣቸው የደመወዛቸው ማነስና «ሴክተር ሪቪው» የተባለው የትምህርት ማሻሻያ ዕቅድ ነው። ዕቅዱ መሠረታዊ ትምህርትን ለብዙሃኑ ለማዳረስ የታሰበ ነበር። ወላጆች የተረዱት ግን «የድሃ ልጅ ከአራተኛ ክፍል በላይ አያልፍም» ብለው ነው። ያስረዳቸው አልነበረምና አልፈርድባቸውም። በዚያው ቀን የአዲስ አበባ ታክሲ ነጂዎች በነዳጅ ዋጋ መናር ምክንያት አድማ መቱ። ተማሪው ተጨመረ፤ ከተማው ታወከ።

የካቲት 16 ቀን ጃንሆይ ለሕዝብ ንግግር አደረጉ። የነዳጅ ዋጋ ተቀነሰ፤ የትምህርት ማሻሻያው እንዲቆይ ተደረገ። ከዚያም ለወታደሩ የደመወዝ ጭማሪ ታወጀ።

ከ11 እስከ 16 አምስት ቀን ነው። ለዓመታት ደጅ የተጠናበት ነገር በአምስት ቀን አድማ ተገኘ። በእኔ ዕይታ የዚያ ዓመት ቁልፍ እዚህ ላይ ነው። የሚጓተት መንግሥት የሚያጠፋው ጊዜ ብቻ አይደለም፤ ሕዝቡን ክፉ ትምህርት ያስተምራል። በወረቀት የጠየቀ እንደማያገኝ፣ ሥራ ያቆመ እንደሚያገኝ፣ መሣሪያ ያነሣ ደግሞ ፈጥኖ እንደሚያገኝ ያስተምራል። ነገሌ ይህን ተማረች። ደብረ ዘይት ከነገሌ ተማረ። መምህራኑና ባለታክሲዎቹም ከወታደሩ ተማሩ። የካቲት 18 አሥመራ የነበረው ሁለተኛ ክፍለ ጦር አመፀና ሬዲዮ ጣቢያውን ይዞ ጥያቄዎቹን በአየር አሰማ። እኛም ዛሬ የምንገናኘው በሬዲዮ ነውና፣ ይህ መሣሪያ ያኔ ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስቡት። የካቲት 20 ቀን የፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ካቢኔ ሥልጣኑን ለቀቀ።

በማግሥቱ፣ የካቲት 21 ቀን፣ ልጅ እንዳልካቸው መኮንን ጠቅላይ ሚኒስትር ተባሉ። አባታቸው ራስ ቢትወደድ መኮንን እንዳልካቸው የአገሪቱ የመጀመሪያው ጠቅላይ ሚኒስትር ነበሩ። ልጅ እንዳልካቸው ራሳቸው በኦክስፎርድ ተምረዋል፣ በተባበሩት መንግሥታት የኢትዮጵያ አምባሳደር ሆነው ሠርተዋል፣ ለድርጅቱ ዋና ጸሐፊነት እስከ መታጨት ደርሰዋል። ካቢኔያቸው ውስጥም እንደ ደጃዝማች ዘውዴ ገብረ ሥላሴና ልጅ ሚካኤል እምሩ ያሉ የተማሩና ለውጥ እንደሚያስፈልግ የገባቸው ሰዎች ነበሩበት።

የካቲት 26 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ ሕገ መንግሥቱ እንዲሻሻልና ጠቅላይ ሚኒስትሩ ለፓርላማ ተጠያቂ እንዲሆን መፍቀዳቸውን አስታወቁ። ረቂቁን የሚያዘጋጀው ጉባኤ ስድስት ወር ተሰጠው። ዛሬ ላይ ሆነን ስናየው፣ የአንድን አገር ሕገ መንግሥት ለማርቀቅ ስድስት ወር አይበዛም፤ እንዲያውም ያንሳል። ለዘመናት ሲጠየቅ የነበረውን ተጠያቂ መንግሥት የሚፈቅድ ቃል አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር በተሾሙ በአምስት ቀን ውስጥ መሰጠቱም ቀላል አልነበረም። ግን ማን ይስማ? ሁለት ቀን ብቻ ቆይቶ፣ የካቲት 28፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው አጠቃላይ አድማ ነው፤ እስከ መጋቢት 2 ቆየ። እሱም ውጤት አስገኘ።

አዲሱ ካቢኔ ሕዝቡን የለመነው ፋታ ነበር። ጊዜ ስጡን፣ አስበን እንሥራ፣ ሁሉም በአንድ ቀን አይሆንም ነበር ነገሩ። ልመናው ምክንያታዊ ነው። ተማሪው ግን ፋታ የለም አለ፤ ሠራተኛውም በየመሥሪያ ቤቱ የራሱን አለቃ ማስነሣት ጀመረ። መጋቢት 30 ካቢኔው ስለ መሬት ይዞታና ስለ ሌሎች ማሻሻያዎች የፖሊሲ መግለጫ ሲያወጣ፣ በጥሞና ያነበበው ሰው ጥቂት ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን ሙስሊሞች የሃይማኖት እኩልነት ጠይቀው በአዲስ አበባ ታላቅ ሰላማዊ ሰልፍ አደረጉ፤ ክርስቲያን ወገኖቻቸውም አብረዋቸው ወጡ። ይህን ሰልፍ ለብቻው የማነሣው፣ በዚያ ግርግር መካከል በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ምንም ሳያጠፋ ጥያቄውን አቅርቦ የተመለሰበት ቀን ስለሆነ ነው። ልጆቻችን ሊያውቁት የሚገባ ቀን ነው።

ፋታው ለምን ተነፈገ? ብዙዎች ምክንያቱን የሚያገኙት በልጅ እንዳልካቸው የዘር ሐረግ ነው፤ ከመኳንንት ወገን ናቸውና ሕዝቡ አላመናቸውም ይላሉ። እውነትነት አለው፤ ግን ያንሳል። ካቢኔው ለሕዝቡ የሰጠው ነገር በሙሉ ወደፊት የሚሆን ነበር። ሕገ መንግሥቱ ይረቀቃል፤ መሬቱ ይጠናል፤ የቀድሞዎቹ ባለሥልጣናት ይመረመራሉ። በመጀመሪያው ወር ለጭሰኛው ከመሬቱ እንዳይነቀል የሚያደርግ አንድ ጊዜያዊ ትእዛዝ ቢወጣለት፣ ለወሎ የተላከው እህል በየሳምንቱ በሬዲዮ ቢነገር፣ ባለጉዳይ ማመልከቻው በስንት ቀን መልስ እንደሚያገኝ ቢቆረጥለት፣ ነገሩ መልኩን ይለውጥ ነበር ብዬ አምናለሁ። ይህ የእኔ ፍርድ ነው፤ አድማጮች ልትሞግቱኝ ትችላላችሁ። ትዕግሥት በዱቤ የሚሰጠው አስቀድሞ ለከፈለ ነው፤ ያ መንግሥት ደግሞ ዕዳው በአዲስ ሰው ስም አልተሰረዘለትም።

ቀሪውን በአጭሩ ልንገራችሁ። በሚያዝያ ፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉና የቀድሞ ሚኒስትሮቻቸው ታሰሩ። ሰኔ 21 ቀን ከየክፍሉ የተወከሉ ወታደሮች ተሰባስበው ኋላ ደርግ የተባለውን ኮሚቴ መሠረቱ። ሐምሌ 15 ልጅ እንዳልካቸው ተነሥተው ልጅ ሚካኤል እምሩ ተተኩ። የልጅ እንዳልካቸው የሥልጣን ዘመን አምስት ወር አልሞላም። ልጅ ሚካኤል የራስ እምሩ ኃይለ ሥላሴ ልጅ፣ በቅንነታቸው የተከበሩ ሰው ነበሩ፤ ነገር ግን በዚያን ጊዜ ውሳኔው በወታደሮቹ ኮሚቴ እጅ እንጂ ካቢኔው ዘንድ አልነበረም። መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ጃንሆይ ከዙፋናቸው ወርደው በቮልስዋገን ከቤተ መንግሥት ወጡ።

ስድስት ወር የተሰጠው የሕገ መንግሥት ረቂቅስ? ክረምቱ ሳይወጣ ተጠናቀቀ። የንጉሡን ሥልጣን የሚገድብና ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለፓርላማ ተጠያቂ የሚያደርግ ረቂቅ ነበር። ደርግ ወደ ጎን አደረገው። በጊዜው የተጠናቀቀው ብቸኛው ትልቅ ሥራ ለአንድም ቀን ሳይሠራበት ቀረ።

ከዚያ በኋላ ኢትዮጵያ የሚፈጥን መንግሥት አገኘች። ፓርላማው ለዓመታት ያንከባለለው የመሬት ጉዳይ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአንድ አዋጅ ተቆረጠ፤ የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሆነ፣ ጭሰኝነት ቀረ። ሕዝቡ በደስታ አደባባይ ወጣ፤ ደስታውም እውነተኛ ነበር። ከአዋጁ ሦስት ወር ቀደም ብሎ፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም. ሌሊት፣ ያው ፈጣን መንግሥት ወደ 60 የሚሆኑ ሰዎችን ያለ ፍርድ ገደለ። ፀሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ከተገደሉት መካከል ነበሩ። ልጅ እንዳልካቸውም እንዲሁ። የሚጓተተው መንግሥት መሪና እሱን የተካው መሪ በአንድ ሌሊት ተረሸኑ። ጉዳያቸውን እንዲያጣራ የተቋቋመው፣ ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያም የተሳተፉበት መርማሪ ኮሚሽን ገና ሥራውን አልጨረሰም ነበር።

ተማሪዎች፣ ቀኖቹን ጽፋችሁ ከሆነ የመሬት አዋጁንና የግድያውን ቀን ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። ሁለቱም ፈጣን ውሳኔ ናቸው። በሁለቱም ማንም አልተጠየቀም፤ የሚሞግት ፓርላማ፣ የሚመረምር ፍርድ ቤት፣ የሚጠይቅ ጋዜጣ አልነበረም። በመጓተት የተማረረ ሕዝብ ፍጥነትን ብቻ ሲመኝ ምን ሊገጥመው እንደሚችል ከዚህ በላይ የሚያሳይ ታሪክ አላውቅም። በየካቲት የወጣው መምህር፣ በሚያዝያ የተሰለፈው ሙስሊምና ክርስቲያን፣ በአጠቃላይ አድማው ሥራ ያቆመው ሠራተኛ የጠየቁት በጊዜው የሚወስንና ስለ ውሳኔው የሚጠየቅ መንግሥት ነበር። ያገኙት የመጀመሪያውን ግማሽ ብቻ ነው።

ስለዚህ፣ ውድ አድማጮች፣ በየትኛውም አገር መሪ ተለወጠ የሚል ዜና ስትሰሙ ከሰውየው ትውልድና ከንግግሩ ውበት አልፋችሁ ጠይቁ። ትናንት የተቆለፈው ውሳኔ ዛሬ በማን እጅ ነው? የተገባው ቃል ቀን ተቆርጦለታል? ባይፈጸም ማን፣ ለማን መልስ ይሰጣል? ሦስቱንም የሚመልስ መሪ ፋታ ይገባዋል፤ ስጡት። የማይመልሰውን ደግሞ ሥራ ሳይቆም፣ መሣሪያ ሳይነሣ፣ ገና በማለዳው ጠይቁት።

አንድ ልመናም አለኝ። በየካቲት 1966 ወጣት የነበሩት ዛሬ ከሰባ ዓመት በላይ ናቸው። መምህር፣ ወታደር፣ ባለታክሲ፣ ጭሰኛ የነበሩ አያቶች በቤታችሁ ካሉ ቁጭ ብላችሁ ጠይቋቸው፤ የሚሉትንም በስልካችሁ ቅዱት። አዲስ አበባ ያላችሁ ተማሪዎች ደግሞ ወደ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ፣ ወደ ወመዘክር፣ ሄዳችሁ ከየካቲት 1966 እስከ ኅዳር 1967 የወጣውን የአዲስ ዘመን ጋዜጣ በተከታታይ አንብቡ። አያቶቻችሁ የነገሯችሁን ከጋዜጣው ጋር አስተያዩ፤ ሁለቱ የማይስማሙበት ቦታ ላይ ስትደርሱ ምልክት አድርጉና ለታሪክ መምህራችሁ አቅርቡት።

(መለያ ሙዚቃ)